«የሆነ ሰው ይመስላል»፦ የአንድ የኤሌክትሮኒክ ፖፕ ጥንድ ሦስት ሥራዎች

መግቢያ

ይህን ጉዳይ የምጽፈው ከውጭ ሆኜ አይደለም። የሁለት ሰዎች የኤሌክትሮኒክ ፖፕ ሥራ ነው፤ ሦስቱንም ሥራቸውን ሚክስ ያደረግኩት (የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥኜ አንድ ያደረግኩት) እኔ ነኝ። ከስህተቶቹ ውስጥ የእኔ የሆኑ አሉ፤ ቦታቸው ሲደርስ እናገራለሁ። ስማቸውን ግን አልጠራም። ስም ከተጠራ ሰው ዘፈኑን ፈልጎ ያዳምጥና ወሬው «ወደድኩት፣ አልወደድኩትም» ላይ ይቀራል። እኔ ማሳየት የፈለግኩት አሠራሩን ነው።

አንዷ ዘፋኝ ናት። ግጥሙን የምትጽፈው እሷ ናት፤ ዜማውም አብዛኛው ከእሷ ይወጣል። ሌላው አቀናባሪ ነው። ያለው ንብረት አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይክሮፎንን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ መሣሪያ)፣ አንዲት ትንሽ ኪቦርድ እና ቆጥሮ የማይጨርሰው ፕለጊን (ድምፅ የሚፈጥር ወይም የሚቀይር ፕሮግራም) ነው። ከኋላቸው አሳታሚ የለም። ድምፅ የሚቀዱት መኝታ ክፍል ውስጥ፣ የተከፈተ ቁም ሣጥን ፊት ለፊት ነው፤ የተሰቀለው ልብስ የክፍሉን ማስተጋባት ይውጥላቸዋል። ለነገሩ ይህ ዘዴ ከብዙ ውድ ነገር ይሻላል።

ሥራው የተጀመረው በአንዲት የስልክ ቅጂ ነው። እሷ ያለ ምንም መሣሪያ ያንጎራጎረችውን ዜማ ላከችለት። እሱ በማግሥቱ ከበሮና ባስ አልብሶ መለሰላት። ሁለቱም ደስ አላቸው፤ በቃ ጥንድ ሆኑ። ያቺን የስልክ ቅጂ አትርሷት፤ እመለስባታለሁ።

አንደኛው ሥራ

መጀመሪያ የወጣው አራት ዘፈን ያለው አጭር ሥራ ነበር። አቀናባሪው የ1980ዎቹን (እ.ኤ.አ.) ድምፅ ይወድ ነበር፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር ከዚያ መጣ። የያማሃ ዲኤክስ7 (የዚያ ዘመን ሲንተሳይዘር፣ ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥር ኪቦርድ) ዓይነት ኤሌክትሪክ ፒያኖ አለ። የሮላንድ ጁኖ (ሌላ ሲንተሳይዘር) ዓይነት፣ ኮረስ የተደረገበት (አንዱ ድምፅ ብዙ እንዲመስል የተደረገ) የሚንሳፈፍ ኮርድ አለ። ስኔሩ (ስል ድምፅ ያለው ከበሮ) ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ተመትቶ በመሐል በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ንጹሕ ሥራ ነበር፣ አልዋሽም። ሚክስ ለማድረግም ቀላል ነበር፤ እያንዳንዱ ድምፅ አስቀድሞ በሌላ ሰው ተስተካክሎ የመጣ ነበርና።

ሰዎች ወደዱት። ችግሩ ሁሉም የሚሉት አንድ ዓይነት መሆኑ ነው፦ «ደስ ይላል፤ የሆነ ሰው ይመስላል፤ ማን ነበር?» ማንን እንደሚመስል ግን እያንዳንዱ የተለያየ ስም ይጠራል።

አንድ ቀን ዘፋኟ ደወለችልኝ። የአንደኛውን ዘፈን መግቢያ ማስታወቂያ ላይ ሰምታዋለች። ተሰርቆ አይደለም፤ የማስታወቂያው ሠሪ ያንኑ ፕለጊን ከፍቶ ያንኑ ፕሪሴት (አስቀድሞ የተዘጋጀ ድምፅ) ነክቷል፣ ሌላ ነገር የለም። «ድምፃችን ሳሙና እየሸጠ ነው» አለችኝ። ሳቅን። በኋላ ግን እሷ አልሳቀችም።

እዚህ ላይ የዲኤክስ7ን ታሪክ ማንሳት ግድ ነው። መሣሪያው በ1983 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ አሠራሩ አዲስ ነበር። ስድስት ኦፕሬተሮች (ሞገድ አመንጪዎች) አሉት፤ አንዱ ሌላውን እያወዛወዘ ድምፅ ይፈጠራል። የሚያያዙበት መንገድ ደግሞ 32 ዓይነት ነው። ይህን ሁሉ በአንዲት ትንሽ ስክሪንና በቁልፎች መቅረጽ ትዕግሥት ይፈትናል። ስለዚህ አብዛኛው ተጫዋች ፋብሪካው የጫነለትን ድምፅ እንዳለ ተጠቀመ። ያ የሚያብለጨልጭ ኤሌክትሪክ ፒያኖ የዚያ ዘመን የፍቅር ዘፈን ሁሉ ላይ የተሰማው ለዚህ ነው። የእኛ አቀናባሪ ከ40 ዓመት በኋላ ያንኑ ስንፍና በሶፍትዌር ደገመው። እኔም ዝም አልኩ፤ ሥራዬን ቀላል አድርጎልኝ ነበርና።

ሁለተኛው ሥራ

መልሳቸው «እንግዲያው ማንንም የማይመስል ነገር እንሥራ» የሚል ሆነ። ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። ሲተገበር ግን ትርጉሙ «ብዙ ነገር እንጨምር» ሆኖ አረፈው።

የደረሰኝ ፋይል 96 ትራክ (ለየብቻው የተቀመጠ የድምፅ መስመር) ነበረው። ሦስት ባስ፣ አራት ኪክ (ወፍራሙ የእግር ከበሮ)፣ የእሷ ድምፅ ደግሞ ስምንት ጊዜ ተደራርቧል። እያንዳንዱን ብቻውን ስትሰማው ያምራል። አንድ ላይ ሲሆን ግን የሚሰማው ጭጋግ ነው። ምክንያቱም የሰው ድምፅ ቃል የሚለይበትን ቦታ፣ ከ1,000 እስከ 4,000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን፣ ኮርዶቹ ሞልተው ይዘውታል። ሁለት ድምፅ አንድ ቦታ ላይ ሲቆም ጮኽ ያለው ሌላውን ይሸፍነዋል። ኢኪው (የድምፁን ወፍራምና ቀጭን ክፍል ለየብቻ ማስተካከያው) ያቃልለዋል እንጂ አያድነውም።

የእኔ ጥፋት የሚጀምረው እዚህ ነው። ጭጋጉን በጩኸት ልፈታው ሞከርኩ። ማስተሩን (የመጨረሻውን ቅጂ) ጨምቄ ጨምቄ ወደ −7 ሉፍስ (የጩኸት መለኪያ ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይጮኻል) አደረስኩት። ስፖቲፋይ ደግሞ ዘፈኖችን በመደበኛው ቅንብሩ ወደ −14 ሉፍስ ያስተካክላል። ስለዚህ የእኛን 7 ዴሲቤል ዝቅ አደረገው። ጩኸቱ ሄደ፣ መጨፍለቁ ቀረ። ከሌላ፣ ትንፋሽ ካለው ዘፈን ቀጥሎ ሲጫወት የእኛው ካርቶን ውስጥ የታሸገ ይመስል ነበር።

ሁለተኛው ጥፋት የጋራ ነው። ኮርዱ ሰፊ እንዲሆን በግራና በቀኝ መካከል የ10 ሚሊሴኮንድ ልዩነት ሰጥተነው ነበር። በጆሮ ማዳመጫ ሰማይ ያህል ይሰፋል። ግራና ቀኙ ወደ አንድ ስፒከር ሲደመሩ ግን 50፣ 150፣ 250 ኸርዝ እያለ በየመቶው ይቦረቦራል። አዳማጮች በትንሽ ስፒከር ሰምተው «መሐሉ ላይ ኮርዱ ይጠፋል» ሲሉን መጀመሪያ አላመንንም። በሞኖ፣ ማለትም ግራና ቀኙን ደምረን፣ ሰማነው። እውነትም ጠፍቷል።

ከሁሉ የከፋው ግን ቃሉ ላይ የደረሰው ነው። አቀናባሪው የእሷን እያንዳንዱን ክፍለ ቃል ቆርጦ ምት ላይ ልክ አስቀምጦታል፤ ቅኝቱንም በሶፍትዌር አስተካክሏል። አንዱ ስንኝ «እዚያ አለ» በሚል ነበር የሚያልቀው። «ለ» ጠብቆ ነው መነበብ ያለበት፦ እዚያ ይገኛል ለማለት። በቁርጡ የ«ለ» ቆይታ አጠረና ላላ፤ «እዚያ ተናገረ» ሆነ። የዘፋኟ እናት ሰምተው «ልጄ፣ እዚያ ምን አለ?» ብለው ጠየቋት። ልጅቱ ለእኔ በጽሑፍ ስትልክልኝ ደግሞ እናቷ የቱን እንዳሉ እኔም አልገባኝም። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም፤ አፍ ነው የሚለየው። ሶፍትዌር ደግሞ አፍ የለውም።

ያኔ ነው «ይሄ ዘፈን እኔን አያውቀኝም» ያለችው። አቀናባሪው ተቀየማት። ለተወሰነ ጊዜ በእኔ በኩል ብቻ ይነጋገሩ ነበር።

መድረኩ

ይህን ሁለተኛ ሥራ ይዘው መድረክ ወጡ። 96ቱ ትራክ በሁለት ሰው አይጫወትም፤ ስለዚህ አብዛኛው ከኮምፒውተር እንዲለቀቅ ተደረገ። የእሷ ድምፅም ኢፌክት እንዲያገኝ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያልፋል። ፕለጊኑ ከባድ ስለነበር «በፈሩ» (ኮምፒውተሩ ድምፅን ከማስኬዱ በፊት የሚያጠራቅመው መጠን) 512 ሳምፕል (የድምፅ ናሙና) ላይ ተቀመጠ። በ44,100 ኸርዝ ይህ ወደ 11.6 ሚሊሴኮንድ ነው፤ ሲገባ ይህን ያህል፣ ሲወጣም ይህን ያህል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። የራስን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ ለሚዘፍን ሰው ግን ከኋላ የሚከተል ጥላ ነው። እሷም ጥላውን ለመጠበቅ ወደ ኋላ ቀረች።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ኮምፒውተሩ ቆመ። ፀጥ አለ። እሷ ብቻዋን ቀጠለች።

እዚህ ላይ «ሕዝቡ በጭብጨባ አናወጠው» ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ እንዲያ አልሆነም። ኮምፒውተሩ ሲመለስ እሷ ከቅኝቱ ግማሽ ድምፅ ወርዳ ነበር፤ ሁለቱ ሲጋጩ ጆሮ ያሳክካል። አፈሩ፤ መድረኩን ቶሎ ጨርሰው ወረዱ።

ጥቅሙ የመጣው በኋላ ነው። አንድ ታዳሚ ያን ቅጽበት በስልክ ቀርጾ ልኮላቸው ነበር። አቀናባሪው እልህ ይዞት ምን ያህል እንደተሳሳተች ሊያሳያት ቅጂውን ኮምፒውተር ላይ ጫነው፤ ፍጥነቷን ለካ። ዘፈኑ የተቀናበረው በደቂቃ 118 ምት ነው። እሷ ብቻዋን ስትቀር ወደ 104 ወርዳለች፤ አዝማቹ ላይ ወደ 110 ጠጋ ትላለች፤ ስንኙ ሲያልቅ ደግሞ ትለሰልሳለች። «አየሽ!» ሊላት ነበር። ከዚያ የመጀመሪያዋን የስልክ ቅጂ አስታወሰ። እሷንም ለካ። ያው 104 አካባቢ ናት።

ታዲያ 118 ከየት መጣ? ፋይሎቹን ወደ ኋላ ተመልሶ አየ። ገና ሥራውን ሲጀምሩ ለማነጻጸሪያ ብሎ የሚወደውን አንድ የውጭ ዘፈን ፋይሉ ውስጥ አስገብቶ፣ ፍጥነቱን በእሱ ልክ አስተካክሎ ነበር። ዘፈኑን በኋላ ሰረዘው። ፍጥነቱ ግን ቀረ። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱን አዲስ ሥራ የሚጀምረው ያንኑ ፋይል እየቀዳ ስለነበር ሁለት ሙሉ ሥራ በሰው ዘፈን ፍጥነት ተሠራ።

ለእኔ የዚህ ጉዳይ እምብርት ይህ ነው። ተጽዕኖ ሲባል ሁላችንም የምንፈልገው የሚሰማውን ነው፦ ይህ ፒያኖ የማን ነው፣ ይህ ስኔር ከየት ነው እንላለን። የእነሱን ሥራ ግን «የሆነ ሰው» ያስመሰለው ብዙው ነገር የማይሰማው ነበር። የፍጥነት ቁጥሩ፣ ባዶ ነው ተብሎ የሚከፈተው ፋይል፣ የሥራ ቅደም ተከተሉ። 96 ትራክ ቢጭኑበትም ያልተሸፈነው ለዚህ ነው።

ተጽዕኖን መልሶ መመርመር

ሦስታችን ተቀመጥን። የሚወዷቸውን ሥራዎች ዘረዘሩ። «ይህን ድምፅ እንዴት እናግኘው?» የሚለውን ጥያቄ ትተን ሌላ ጠየቅን፦ ሰዎቹ ምን ቢቸግራቸው ነው ይህን ያደረጉት?

ፕሮዲዩሰሩ ጆርጂዮ ሞሮደር በ1977 ከአሜሪካዊቷ ዘፋኝ ከዶና ሰመር ጋር የሠራውን «አይ ፊል ላቭ» አነሳን። ሁሉም ሰው የማሽን ዘፈን ነው ይላል። ግን የሞግ ሲንተሳይዘሩ አጥጋቢ ኪክ ስላልሰጣቸው ኪኩን የመታው ሰው ነው፤ ኪት ፎርሲ። የሞጉ ቅኝት ደግሞ ቶሎ ቶሎ ስለሚሸሽ ባሱን በአጭር በአጭሩ እየቀዱ መቀጠል ነበረባቸው። ያ ባስ የሚጋልበውም በአንደኛው ጎን የራሱ ማሚቶ ትንሽ ዘግይቶ ስለሚከተለው ነው። በአንድ የባስ መስመር ሁለት የሚመስል ነገር አገኙ። የእኛዎቹ ሦስት ባስ ደራርበው አላገኙትም።

የከበሮ ማሽኑ የሮላንድ ቲአር 808 ታሪክም እንዲሁ ነው። ከ1980 እስከ 1983 የተሠራው 12,000 ገደማ ነው። እውነተኛ ከበሮ አይመስልም ተብሎ ገበያው ቀዘቀዘ። ርካሽ ሲሆን ገንዘብ የሌላቸው ልጆች እጅ ገባ። አለመምሰሉ ዋጋው ሆነ።

ያ ተቆርጦ የቀረ ስኔርስ? መነሻው በ1979 በእንግሊዛዊው ዘፋኝ በፒተር ገብርኤል ሦስተኛ አልበም ቀረጻ ላይ ነው። ፊል ኮሊንስ ከበሮ እየመታ ሳለ፣ ከክፍሉ ጋር ለመነጋገሪያ የተሰቀለው ማይክሮፎን ክፍት ነበር። እሱ ላይ ያለው ኮምፕረሰር (ትንሹን ድምፅ ከትልቁ የሚያቀራርብ መሣሪያ) ኃይለኛ ስለሆነ የክፍሉን ድምፅ ሁሉ ጎትቶ አመጣው። ኢንጂነሩ ሂዩ ፓድገም ያን ድምፅ ይዞ በኖይዝ ጌት (ድምፅ ሲቀንስ በሚዘጋ መሣሪያ) ቆረጠው። ማለትም ነገሩ የተገኘው ለሌላ ሥራ ከተሰቀለ ማይክሮፎን ነው። እኛ ግን ውጤቱን በፕሪሴት ገዛነው።

አራተኛው ምሳሌ የመጣው ከእኔ ነው፦ ኃይሉ መርጊያ በ1985 የሠራው ሥራ። አኮርዲዮን፣ ሮድስ (ኤሌክትሪክ ፒያኖ)፣ ሞግ፣ ከበሮ ማሽን፣ እና አዎ፣ ያው ዲኤክስ7። ሌላው ዓለም ሁሉ በያዘው መሣሪያ፣ በዚያው ዘመን። የማንም ፎቶ ኮፒ ግን አልሆነም። ፊት ያለው አኮርዲዮኑና ዜማው ነው፤ ማሽኖቹ ከሥር ሆነው ይሸከማሉ። አቀናባሪው ሁለት ጊዜ ሰማውና «እኛ ጋ ፊት ያለው ማን ነው?» አለ። ማንም አልመለሰለትም። መልሱ ግልጽ ነበር፤ ፊት ያለው ፒያኖው ነበር፣ እሷ ከኋላ ነበረች።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። መጀመሪያ የሚቀዳው የእሷ ድምፅ ሆነ፤ ያለ ክሊክ (ምት ጠባቂ ድምፅ)፣ ያለ ኮርድ፣ አንድ መነሻ ድምፅ ብቻ ሰጥተናት። ከዚያ አቀናባሪው ፍጥነቱን ከእሷ ይወስዳል። ሶፍትዌሩ ውስጥ ምቱ ከቦታ ቦታ እንዲለዋወጥ ማድረግ ይቻላል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ የአንድ ዘፈን ካርታ ለማውጣት ሙሉ ምሽት ይፈጃል። ግን «አለ» ጠብቆ ቀረ።

የድሮው ፋይል ተሰረዘ። ሦስታችንም ባለንበት፣ እንደ ቀብር።

ከእሷ ድምፅ ሌላ የሚፈቀደው ስምንት ትራክ ብቻ ሆነ። ሲንተሳይዘሩም አንድ ብቻ፤ ድምፁ ከባዶ ይሠራል እንጂ ፕሪሴት አይከፈትም። አቀናባሪው መጀመሪያ ላይ እጁ የተቆረጠ ያህል ሆኖበት ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ የላከልኝ ነገር አሮጌ የበር ደወል ይመስላል። ከዚያ ፊልተሩ (ድምፁን የሚያደበዝዘውና የሚያጠራው ክፍል) ገባው። አንድ ኦሲሌተር (ድምፅ አመንጪ) ብቻ ያለው ባስ፣ ፊልተሩ በእያንዳንዱ ኖታ ላይ በተለያየ መጠን ሲከፈትና ሲዘጋ፣ የሚናገር ይመስላል።

ከበሮው ላይ ሲደርሱ ትራክ አለቀባቸው። ችግሩን የፈታችው እሷ ናት። «ጥ» «ቅ» «ጭ» እያለች ማይክሮፎኑ ላይ ተኮሰች። በፊደላችን ያሉት እነዚህ ፈንጂ ድምፆች ከትንፋሽ ሳይሆን ከተዘጋ ጉሮሮ ስለሚወጡ አጭርና ስል ናቸው፤ ሞገዳቸውን ስክሪን ላይ ብታዩት ከሪምሾት (የከበሮ ጠርዝ ምት) ብዙ አይለይም። «ጥ» ሃይ ሃት (ትንሿ ጽናጽል) ሆነች። «ቅ» በትንሹ ዝቅ ተደርጋ ስኔር ሆነች። ኪኩ ብቻ ከሲንተሳይዘሩ መጣ፦ ከላይ ተነስቶ በፍጥነት ወደ 50 ኸርዝ የሚወርድ ሳይን ሞገድ። ግማሹ ከበሮ የእሷ አፍ ስለሆነ ድምፅዋና ምቱ አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ይመስላሉ፤ ለነገሩ ናቸውም።

በእኔ በኩል ሥራው የተጀመረው በሞኖ ነው። ሁሉም ነገር በአንድ ስፒከር እስኪሰማ ድረስ ወደ ስቴሪዮ አልሄድኩም። ሪቨርቡን (ሰው ሠራሽ ማስተጋባቱን) ከድምፅዋ ላይ አነሳሁት፤ በምትኩ በምቱ የሚሄድ አንድ ዲሌይ (ዘግይቶ የሚመለስ ማሚቶ) ሰጠኋት። በ104 ምት አንድ ምት 577 ሚሊሴኮንድ ያህል ነው፤ ፍጥነቱ ሲለዋወጥ ዲሌዩም አብሮ ይለዋወጣል። ማስተሩን በጩኸት ልክ ማሳደድም ተውኩ።

አንድ ያልጠበቅነው ነገር ደግሞ የመብት ጉዳይ ነው። በፊት ሁሉንም እኩል ይካፈሉ ነበር። አሁን ዜማውም ግጥሙም ምቱም ከእሷ ሲነሳ፣ አቀናባሪው «የእኔ ድርሻ ምንድን ነው?» ብሎ ተጨነቀ። ቅር መሰኘቱ ተገቢ ነበር። መፍትሔው ሁለቱን መብት መለየት ሆነ፦ የድርሰቱ (የዜማውና የግጥሙ) መብት አንድ ነገር ነው፣ የቅጂው (የተቀረጸው ድምፅ) መብት ሌላ ነገር ነው። በድርሰቱ የእሷ ድርሻ ከፍ አለ፤ በቅጂው እኩል ቀሩ። ይህን ከመልቀቃቸው በፊት በወረቀት አሰፈሩት። ብዙ ጥንድ የሚፈርሰው በድምፅ ሳይሆን በዚህ ነው።

የሠራው

ሦስተኛው ሥራ ሲወጣ «የሆነ ሰው ይመስላል» የሚለው ነገር ቀነሰ። ጨርሶ አልጠፋም። አዲስ የመጣው አስተያየት «ከበሮው ምንድን ነው?» የሚል ነበር፤ ሰው ድምፁ ከአፍ መሆኑን ሳያውቅ የሚያውቀው ነገር እንደሆነ ይሰማዋል። ግጥሙንም መጥቀስ ጀመሩ። በሁለተኛው ሥራ ላይ ግጥም የጠቀሰ አንድ ሰው አላስታውስም፤ ከእናቷ በስተቀር።

መድረኩም ቀለለ። ስምንት ትራክ በሁለት ሰው ይጫወታል። «በፈሩ» ወደ 64 ሳምፕል ወረደ፤ አንድ ሚሊሴኮንድ ተኩል ያህል። ጥላው ጠፋ።

ያልሠራው

ፍጥነቱ የሚለዋወጥ ዘፈን ዲጄ አይወደውም። አንዱን ዘፈን ከሌላ ጋር ሊያያይዙ የሞከሩ ሁለት ዲጄዎች ትተውታል። ለአንዱ ዘፈን በቋሚ ፍጥነት ሌላ ቅጂ መሥራት ግድ ሆነ። ያ ቅጂ ከዋናው ይልቅ ተሰምቷል፤ ይህን መካድ አልችልም።

የመጀመሪያውን ሥራ የወደዱ ብዙዎች ሄዱ። «የድሮው ይሻላል» የሚለው መልእክት አሁንም ይመጣል። አቀናባሪው እያንዳንዱን ያነባል፣ ባያነብ ይሻለው ነበር።

ደረቅ ድምፅ ደግሞ ጨካኝ ነው። ሪቨርብ ሲነሳ የትንፋሽ እጥረቷ ሁሉ ወጣ። አንዱን ስንኝ ከ30 ጊዜ በላይ ቀድታለች፤ በመጨረሻ የተጠቀምነው ሦስተኛውን ነው። ቀሪው ድካም ብቻ ነበር፣ ቶሎ ልናስቆማት ይገባን ነበር።

የስምንቱ ትራክ ሕግም በአንድ ዘፈን ላይ ዋሽቷል። ያ ዘፈን መጨረሻው ላይ መሙላት ይፈልግ ነበር። እኛ ግን ሕጉን እንደ ሃይማኖት ይዘን ቀጭን አድርገን ለቀቅነው። ዛሬ ስሰማው ያልተሟላ ቤት ይመስለኛል። ሕጉ የተፈለገው እጅን ለማስተማር ነበር፤ እጁ ከተማረ በኋላ አስራ ሁለት ቢሆን ማን ይከሰሳል?

ለሌላ የሚተርፍ

ሥራችሁ ሌላ ሰው ይመስላል ከተባላችሁ ድምፁን ከመቀየራችሁ በፊት ቅንብሩ የተወለደበትን ፋይል ክፈቱ። ፍጥነቱን ማን መረጠው? የዘፈኑ ርዝመት፣ አዝማቹ የሚገባበት ቦታ፣ መጀመሪያ የሚቀዳው ነገር፣ እነዚህን የወሰናችሁት እናንተ ናችሁ ወይስ አብሮ የመጣ ነገር? ለማነጻጸሪያ ዘፈን ማስገባት መጥፎ አይደለም፤ እኔ በየቀኑ አደርገዋለሁ። መግባት ያለበት ግን በሚክስ ጊዜ ነው። ዜማው ሳይወለድ ከገባ አባት ሆኖ ይቀመጣል።

የምትወዱትን ሥራ ስትመረምሩ የመሣሪያውን ስም ከመጻፍ በፊት ችግሩን ጻፉ። የእናንተ ችግር ሌላ ከሆነ መፍትሔውም ሌላ ይሆናል። የእነዚህ ሰዎች ችግር ትራክ ማለቁ ነበር፤ መፍትሔው «ጥ» ሆነ። ይህ የትኛውም ፕለጊን ውስጥ የለም።

በአማርኛ የምትዘፍኑ ደግሞ የተቆረጠና በምት ልክ የተደረደረ ድምፅን ቃሉን ለማያውቅ ሰው አሰሙና ምን እንደሰማ ጠይቁት። አቀናባሪው ግጥሙን በቃሉ ስለሚያውቅ ሁልጊዜ ትክክለኛውን ይሰማል። እኔም እንደዚያው። እናት ግን አትሳሳትም።

ሚክስ ለሚያደርጉ አንድ ነገር ብቻ፦ ብዙ ትራክ ሲደርሳችሁ ሥራው ከእናንተ በፊት መሠራት የነበረበት መሆኑን ለመናገር ድፍረት ይኑራችሁ። እኔ 96ቱን ስቀበል ዝም አልኩ። ክፍያዬን ወሰድኩ፣ ጩኸት ሰጠሁ።

አሁን ያሉበት

አራተኛውን ሥራ ጀምረዋል። ባለፈው ሰሞን የመጀመሪያው ፋይል ደረሰኝ። ስከፍተው ላይኛው ጥግ ላይ 118 ይላል። ደሜ ፈላ፤ ወዲያው ደወልኩለት። «የድሮው ፋይል ተሰርዞ አልነበረም እንዴ?» አልኩት።

«ቅጂዋን ስማው» አለኝ። ሰማሁት። ያለ ክሊክ፣ ያለ ምንም፣ ብቻዋን ናት። ለካሁት፤ 117 ላይ ጀምራ አዝማቹ ላይ 119 ገብታለች።